ሳህሌ ያልሞተበት ምዕራፍ

ሐምራዊት ዲቪ ደርሷት ኮሎምበስ የገባች ዕለት ኤርፖርት ሊቀበሏት የወጡት ዘመዶቿ ሰላምታውን ቶሎ ቶሎ ጨርሰው ሻንጣዋን በዓይናቸው ይመዝኑ ጀመር። በርበሬ ነው፣ ሽሮ ነው ብለው ተስፋ አድርገዋል። ቤት ወስደው ሲከፍቱት ግን መጽሐፍ በመጽሐፍ ሆኖ አገኙት። የአክስቷ ልጅ መብራት ይህን ነገር እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻትም። "ሰው ከአገር ቤት ሲመጣ ወረቀት ተሸክሞ ይመጣል?" እያለች እንግዳ በመጣ ቁጥር ታስቅባታለች።

እንግዲህ ያ ወረቀት ነው ሐምራዊትን ከብሮድ ስትሪት አንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ የወሰዳት። እሷ የምትኖረው በምዕራብ በኩል፣ ሂልቶፕ፣ መብራት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። እትዬ ዘርፌ ደግሞ የሚኖሩት በምሥራቅ በኩል፣ ኢስትሙር፣ ፋርማሲስት ልጃቸው ኤልያብ በገዛው፣ ከደጁ ትልልቅ ዛፍ ባለው ቤት ነው። ጎዳናው አንድ ነው፤ አውቶብሱም አንድ ነው። ኑሮው ግን አንድ አይደለም፣ ይህንንም ሐምራዊት ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

እትዬ ዘርፌን መጀመሪያ ስኳሩ ዓይናቸውን አደከመባቸው፤ በዚያ ላይ ጦርነቱ መጣ። የተወለዱባት የላስታ ከተማ ስልኳ ከተቋረጠ ወራት አልፈዋል። እናትና አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት ታናሽ ወንድማቸው ጀማነህ እዚያው መምህር ነው፤ ይኑር አይኑር የሚነግራቸው አላገኙም። ቀኑን ሙሉ ዩቲዩብ ከፍተው ያዳምጣሉ። አንዱ ከተማዋ ተያዘች ይላል፣ ሌላው ተለቀቀች ይላል፣ እሳቸው ለሁለቱም ያለቅሳሉ። ኤልያብ ግራ ቢገባው ቲቪውን ነቅሎ መኪናው ውስጥ ቆለፈበት። በነቀለው ሳምንት ነው እትዬ ዘርፌ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሐምራዊትን ደጀ ሰላሙ አጠገብ መጽሐፍ ላይ አቀርቅራ ያገኟት።

"ምንድነው የምታነቢው፣ ልጄ?"

"ልቦለድ ነው፣ እትዬ።"

"እስቲ ትንሽ ጮክ በይልኝ።"

ጮክ አለች። ሽፋኑ ተገንጥሎ የወደቀ፣ ስሙ እንኳ የማይታወቅ አሮጌ መጽሐፍ ነበር፤ ሳህሌ ስለሚባል ዘማችና መመለሱን ስለምትጠብቅ እኅቱ የሚያወራ። እትዬ ዘርፌ ሁለት ገጽ ያህል ዝም ብለው ሰሙና "ይሄኛው ይሁን፤ ነገ ቤት ነይ" አሏት። ከዚያ ወዲህ ሐምራዊት ከምትሠራበት ዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘኑ፣ ስትወጣ የደህንነት ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር በቀጥታ ወደ ኢስትሙር መሄድ ሥራዋ ሆነ።

ኤልያብ መጀመሪያ አልወደደላትም። እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛውን ይሰማል፣ ሲናገር ግን እንደ ባለ አንድ ጫማ ሰው ያነክሳል። ማንበብማ ጭራሽ። አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ ውሃ ስትቀዳ መጥቶ ቆመባት።

"ኩድ አይ አስክ ዩ ሰምቲንግ? እናቴ የምታለቅሰው በጦርነት ነው። አንቺ ደግሞ የጦርነት ቡክ ታነቢላታለሽ። ዋይ?"

ሐምራዊት ቧንቧውን ዘጋች። "የዩቲዩቡ ጦርነት መጨረሻ የለውም" አለችው። "የመጽሐፉ አለው።"

ከማግስቱ ጀምሮ ኤልያብ ከሥራ ቶሎ እየመጣ ደረጃው ላይ፣ ሦስተኛው እርከን ላይ፣ እራቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጥ ጀመር። ያልገባው ቃል ሲያጋጥመው እንደ ተማሪ እጁን ያነሳል። አንድ ጊዜ የሳህሌ እኅት ሆዷ ባባ ሲባል ሰምቶ "ምን ወሰደችበት? መድኃኒት አልሰጧትም?" አለ የምሩን። እትዬ ዘርፌ ከስንት ጊዜ በኋላ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ኤልያብ በእናቱ ሳቅ ደንግጦ ወደ ሐምራዊት ቀና አለ፤ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሐምራዊት ያነበበችው መስመር ጠፍቶባት አንዱን ዓረፍተ ነገር መልሳ አነበበችው፤ ሁለቱም ያንን ልብ አሉት። ያን ቀን አውቶብስ ውስጥ መስታወቱን ተደግፋ ስትሄድ የባባው ሆድ የእሷው ነበር።

*

ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ስትወጣ ጋሼ ሀብተማርያም ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናቸውን አቁመው ጠበቋት። የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ቀን ኡበር ይነዳሉ፣ በተረፈው ሰዓት የሰውን ሐዘንና ደስታ ይነዳሉ።

"ግቢ፣ ላድርስሽ" አሏት። ገባች። መኪናውን ግን አላስነሱትም።

"ጀማነህ አርፏል" አሉ፣ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ። "ከባድ መሣሪያ ነው፣ ቤቱ ላይ። አንድ ዘመድ በእግሩ ወጥቶ ደሴ ሲገባ ደወለልኝ። ከሞተ ወር አልፎታል።"

ሐምራዊት አፏን ያዘች።

"ቅዳሜ ጠዋት ነው የምናረዳቸው። በሥራ ቀን ማን ይሰበሰባል? ብቻቸውን ሊያለቅሱ ነው? አንቺ በየቀኑ ትገቢያለሽ፤ ብትቀሪ ይጠረጥራሉ። እንደ ወትሮሽ ሄደሽ አንብቢላቸው።"

"ኤልያብስ?"

"እሱ እዚህ ያደገ ልጅ ነው። ሆዱ አይችልም። ከነገርነው አሁኑኑ ሄዶ በቁማቸው ነው የሚነግራቸው። ቃል ግቢልኝ።"

የእኛ ሰው ሞትን እንደ እቃ ደጃፍ ላይ ጥሎ አይሄድም። ሰው ይሰበስባል፣ ማልዶ ይሄዳል፣ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዝ እጅ መኖሩን ያረጋግጣል፤ እስከዚያ አፉን ይይዛል። ሐምራዊት በዚህ ወግ ነው ያደገችው፣ ስህተት ነው ብላም አስባ አታውቅም። ቃል ገባች። ከመኪናው ስትወርድ ግን የከበዳት የእትዬ ዘርፌ ሳይሆን የኤልያብ ፊት ነበር።

መከራ ሲመጣ ቀን አይመርጥም፤ ያን ዕለት የደረሱበት ምዕራፍ ሳህሌ የሚሞትበት ነበር። ወንዝ ሲሻገር፣ ውሃው መሐል ላይ። ሐምራዊት ገጹን ገልጣ ፊደሉን አየችው፤ ፊደሉም አያት። እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘንብለው እየጠበቁ ነው። ኤልያብ ደረጃው ላይ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ሳህሌ…" አለችና ቆመች። "ሳህሌ ወንዙን ተሻገረ።"

መጽሐፉ እንዲህ አይልም። ግን አንዴ ከአፏ ወጣ። ማዶ ሲደርስ አንዲት ባልቴት እሳት አንድደው እንዳገኙት፣ ልብሱን እንዳደረቁለት፣ እግሩ ቆስሎ ነበርና ቅቤ እንደቀቡለት፣ ገጹ ላይ ዓይኗን ተክላ ያልተጻፈውን ፈጠረችላቸው። ገጹን በጊዜው መገልበጥ እንኳ አልረሳችም።

"ተሻገረ?" አሉ እትዬ ዘርፌ በቀስታ።

"ተሻገረ፣ እትዬ።"

ጣታቸው የነጠላውን ጥለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰ። "ጎሽ" አሉ በመጨረሻ። "ቀጥይ።"

ረቡዕም፣ ሐሙስም፣ ዓርብም ሳህሌ ኖረ። አህያ ገዛ፣ ከነጋዴ ጋር ተጣላ፣ በሰው አገር ልጆችን ፊደል አስቆጠረ። እትዬ ዘርፌ እንደዚያ ሳምንት ጠይቀው አያውቁም። ምን በላ? ብርድ አልመታውም? እግሩስ ተሻለው? ሐምራዊት ሁሉንም መለሰች። "ተሻለው፣ እትዬ። አሁን ያለ ዱላ ነው የሚሄደው።" አውቶብስ ውስጥ እስክትገባ አታለቅስም።

ዓርብ ዕለት ኤልያብ እስከ አውቶብስ ፌርማታው ሸኛት። ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ ድንገት ቆመ።

"ነገ ቅዳሜ ሞርኒንግ ኦፍ ነኝ" አላት። "ብሬክፋስት… አንቺና እኔ። ያለ እማዬ፣ ያለ ቡክ። ሎንግ ታይም ልጠይቅሽ ነበር።"

ሐምራዊት ይህን ቃል ስንት ጊዜ በሐሳቧ አድምጣዋለች። የሌላት ኑሮ፣ የማትችለው እንግሊዝኛ፣ ምድር ቤት ያለችው ጠባብ ክፍሏ ሁሉ ተረስቷት እሺ ልትል ልሳኗ ላይ ደርሶ ነበር። መርዶው ቅዳሜ ጠዋት መሆኑ ግን ትዝ አላት።

"ቅዳሜ አይሆንም።"

"ሥራ ነው?"

"አይደለም።"

"ሰው አለሽ?"

"የለኝም፣ ኤልያብ።"

"ታዲያ ዋይ?"

መሬት መሬት አየች። የምትለው ሁሉ ወይ ውሸት ይሆናል ወይ መርዶ። ኤልያብ እጁን ኪሱ ከተተና "ኦኬ። ገባኝ" አላት። ያልገባው ሰው ገባኝ ሲል እንዴት እንደሚያም ያን ማታ ሂልቶፕ እስክትደርስ ደጋግማ ሰማችው።

*

ቅዳሜ በማለዳ መኪናዎቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ ኢስትሙር ደጃፍ ላይ ቆሙ። በሩን የከፈተው ኤልያብ ነው፣ ፀጉሩ ገና ከትራስ የተነሳ። ከሰዎቹ ሁሉ ቀድሞ ያየው ሐምራዊትን ነበር። አያትና ሳቀ። ሐሳቧን ለውጣ ለእሱ የመጣች መስሎት፣ ሙሉ ፊቱ በራ። ከዚያ ከኋላዋ ያሉትን ጥቁር ነጠላዎች አየ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ የያዙትን ሽማግሌዎች አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲወርድ ሐምራዊት ቆማ ተመለከተች። ከዚያ ዕለት ለቅሶ ሁሉ እሷን የቆረጣት ያ ነው።

እትዬ ዘርፌ ለባብሰው፣ ፀጉራቸውን በሻሽ ጠቅልለው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋሼ ሀብተማርያም ከፊታቸው በርከክ ብለው ተናገሩ። እትዬ ዘርፌ "ወንድሜ፣ ልጄ" ብለው ቤቱን በለቅሶ ሞሉት፣ የተሰበሰበውም ሰው አብሯቸው አለቀሰ።

ኤልያብ ሐምራዊትን ያገኛት ጋራዡ ውስጥ ነው፣ ለለቀስተኛው የሚታጠፉ ወንበሮችን ስታወርድ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

ልትዋሽ ትችል ነበር። "ማክሰኞ" አለችው።

ከዚያ በኋላ የተናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ግን አንዲትም ቃል አላመለጣትም። እናቴን ፊት ለፊት እያየሽ ተረት አወራሽላት፣ አላት። ከእኛ ጋር በላሽ። እኔ ስጠይቅሽ ዝም አልሽኝ።

"ብቻቸውን እንዳይሰሙት ነው" አለች ሐምራዊት። "ሰው እስኪሰበሰብ ነው።"

"ብቻዋን አልነበረችም" አለ፣ አሁን በአማርኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመ። "እኔ ነበርኩ። እኔ ልጇ ነኝ። እኔን ከሰው አልቆጠራችሁኝም።"

እውነቱን ነበር።

"ከዚህ በኋላ አትምጪ" አላትና ወንበሮቹን ከእጇ ወስዶ ገባ።

*

ሳምንታት አለፉ። ሐምራዊት ከሥራ ስትወጣ እግሯ በልማድ ወደ ምሥራቁ አውቶብስ ይወስዳታል። አንዳንድ ቀን ትሳፈርና ኢስትሙር ሲደርስ ሳትወርድ፣ ዛፎቹን በመስኮት አይታ ትመለሳለች። ማንበብ ተሳናት። መጽሐፍ ትከፍታለች፣ ዓይኗ መስመሩ ላይ ይሄዳል፣ ደረጃው ላይ እጁን የሚያነሳ ሰው ግን የለም። በጦርነቱ መሐል ለእትዬ ዘርፌ መጠለያ የሆነው ንባብ ለራሷ ደጁን ዘጋባት። መብራት ሳይቀር አዝናላት "እስቲ ከወረቀቶችሽ አንዱን ለእኔም አንብቢልኝ" አለቻት አንድ ቀን። ሐምራዊት ሞከረች፤ ሁለት መስመር አንብባ አለቀሰች።

አንድ እሑድ ስልኳ ጠራ።

"መጽሐፉን ይዘሽ ነይ" አሉ እትዬ ዘርፌ፣ ሰላምታም ሳይጨምሩ።

"እትዬ፣ ኤልያብ አትምጪ ብሎኛል።"

"ቤቱ የእሱ ነው። ሶፋው ግን የእኔ ነው። ነይ።"

በሩን የከፈተላት እሱ ነው። ከስቷል። አፍታ መንገዱን እንደዘጋ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ጎን አለላት። ስታልፈው የሳሙናውን ሽታ ሰማች፤ የናፈቀችው ምን ያህል እንደሆነ ያን ጊዜ ለራሷ አመነች።

እትዬ ዘርፌ ጥቁር ለብሰው እዚያው ቦታቸው ላይ ነበሩ። ሐምራዊት አጠገባቸው ተቀምጣ መጽሐፉን ገለጠች። "ሳህሌ ልጆቹን…" ብላ ያቆመችበትን ውሸቷን ልትቀጥል ስትል እጃቸውን ክንዷ ላይ አሳረፉ።

"አይደለም፣ ልጄ። ወደ ወንዙ ተመለሽ።"

"እትዬ?"

"ያንን መጽሐፍ ዓይን እያለኝ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ብነግርሽ ማንበቡ አይጥምሽም ብዬ ተውኩት። ሳህሌ ወንዙን አይሻገርም።"

ደረጃው ጋ የቆመው ኤልያብ ቀና አለ።

"ያን ማክሰኞ ተሻገረ ስትይኝ ጀማነህ መሞቱን አወቅሁ" አሉ እትዬ ዘርፌ። "ጨዋ ልጅ ያለ ምክንያት መጽሐፍ አታጣምም።"

"እማ፣ ታውቂ ነበር?" አለ ኤልያብ። "ዋይ ዝም አልሽ?"

"ብናገር ጀማነህ ይሞታላ። እሷ እያነበበች እስከ ቅዳሜ አቆየችልኝ። ምን በላ ስላት ነገረችኝ። እግሩ ተሻለው ወይ ስላት ተሻለው አለችኝ። መርዶውማ የትም አይሄድም፤ ቅዳሜም ይጠብቀኛል። እነዚያን ቀናት ግን ከእሷ በቀር የሚሰጠኝ አልነበረም።" ፊታቸውን ወደ ልጃቸው ድምፅ አዞሩ። "አንተን በመደበቃቸው ግን አጥፍተዋል፣ ኤልዬ። እኔም አጥፍቻለሁ። እያወቅሁ አጠገብህ ተቀምጬ እራት በላሁ። የአጎትህ ሞት ያንተም ነበር።"

የኤልያብ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ ሐምራዊት አየች።

"አሁን እውነተኛውን አንብቢልኝ" አሉ እትዬ ዘርፌ። "አሁን እችለዋለሁ።"

ሐምራዊት ጀመረች። ወንዙ፣ የውሃው ድምፅ፣ ሳህሌ ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲገባ። ውሃው ወገቡ ጋ ሲደርስ ፊደሉ ተደበላለቀባት፤ ቆመች። ያን ጊዜ ሶፋው ረገብ አለ። ኤልያብ አጠገቧ ተቀምጦ የመጽሐፉን አንዱን ወገን ያዘላት። ፊደሉን አያውቀውም፣ ግን ገጹን አጥብቆ ያዘው። እሷም እስከ መጨረሻው አነበበች። ሳህሌ ሞተ፤ እትዬ ዘርፌ ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ፣ ከዚያ "ነፍስ ይማር" ብለው ሊጸልዩ ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ ኤልያብ እስከ ፌርማታው ሸኛት።

"አሁንም ተናድጃለሁ" አላት።

"አውቃለሁ።"

"ያን ቀን በሩን ስከፍት… ለእኔ የመጣሽ መስሎኝ ነበር። ፊቴን አይተሽዋል።"

"አይቼዋለሁ" አለች። "ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላየሁም።"

ኤልያብ ወደ መንገዱ ዞረ። አውቶብሱ ከሩቅ ይታያል። "አንድ ነገር ፕሮሚስ አድርጊልኝ" አላት። "ከአሁን በኋላ ምንም ነገር ሲኖር፣ መጥፎም ይሁን ጥሩ፣ ከሰው ሁሉ መጨረሻ እኔ አልስማ። ያ ነው የጎዳኝ።"

"እሺ።"

"ሪሊ?"

"እውነቴን ነው።" ሐምራዊት የመጽሐፉን ቦርሳ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። "አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ።"

ፊቱ ጠቆረ። "መጥፎ ነው?"

"አላውቅም፤ አንተ ነህ የምታውቀው። እወድሃለሁ፣ ኤልያብ።"

አውቶብሱ መጥቶ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ሾፌሩ ትንሽ ጠበቀና ዘግቶ ሄደ።

"ሌላ ማን ያውቃል?" አላት።

"ማንም አያውቅም። ቀድሜ የነገርኩት ለአንተ ነው።"

ለአጎቱ ለቅሶ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ወንበር ሲያመላልስ የዋለው ኤልያብ፣ ብሮድ ስትሪት ዳር ቆሞ፣ እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ አለቀሰ።